ቁልቁለት የማይወርደው ሞተር

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ጠዋት የሸሚዝ አንገትጌ ገልብጣ ሰፋች። እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት የተወችው ገና የስፌት መኪና መርገጥ ስትማር ነበር። ፈታችው፣ እንደገና ሰፋችው፣ አንስታ ስታየው ያው ግልብጥ ነው። ያኔ መቀሷን አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ አለች። ሞተሩ ገና ቤቷ ሳይገባ ሥራዋን እያበላሸባት ነበር።

ሞተር ሳይክሉ የባሏ የቀድሞ አለቃ የአናጺው ነው። ባሏ እቃ አድራሽ ነው፤ ከሱቅ የታዘዘውን፣ ከቢሮ የተላከውን ተቀብሎ ደጅ ድረስ ያደርሳል። የራሱ ሞተር ሳይክል ሞተሩ ተቃጥሎ መንገድ ላይ ከቀረበት ወዲህ በእግሩ ነው የሚባዝነው። ማታ ሲገባ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል። ታዲያ አናጺው ይህን ሲሰማ አስጠራውና፣ የእኔን ውሰድ፣ እኔ ጉልበቴ ዝሏል፣ ሠርተህ ቀስ እያልክ ትሰጠኛለህ አለው። ባልየው የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ራቱን እንኳ ቆሞ ነው የበላው።

አናጺው ለባሏ እንዲሁ አለቃ ብቻ አይደለም። አባቱ የሞተበት ጎረምሳ ሳለ መዶሻ አያያዝ ያስተማረው፣ ሲያመው ያስታመመው፣ አሁን የሚኖሩባቸውን ሁለት ክፍሎች ዋስ ሆኖ ያስገኘለት እሱ ነው። ባሏ "ጋሼ" ብሎ ሲጠራው ድምፁ በራሱ ጊዜ ዝቅ ይላል። ሰፊዋም ሰውየውን ትወዳለች። ትንሿ ልጃቸው ሚጣ የምትተኛበትን አልጋ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ጠርዙን ሁሉ ክብ አድርጎ፣ ልጅ እንዳይመታ ብሎ ያመጣው እሱ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሞተር ሲሰጥህ ዙሪያውን እየዞርክ አትመረምርም።

እሁድ ዕለት ሦስቱም ሊያዩት ሄደው ነበር። ሞተሩ አናጺው በር ላይ ቆሞ ያብለጨልጫል። ለቁም ሳጥን በሚቀባው ቅባት ወልውሎታል መሰለኝ፣ የእንጨት ቅባት ይሸታል። አናጺው መብራቱን አበራ አጠፋ፣ ጡሩንባውን አስጮኸ፣ ሚጣ ሳቀች። ቀጥሎም የዘንድሮውን ቦሎ፣ ማለትም ዓመታዊ ምርመራውን አልፏል የሚለውን ተለጣፊ፣ በጣቱ መታ መታ አደረገና ገና ትኩስ ነው፣ በዚህ ሰሞን ነው ያለፈው አለ። ባሏ መሪውን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሰፊዋ ግን ልማድ ሆኖባት እጇን ላከች። ጨርቅ ሳትነካ ዋጋ የማትጠይቅ ሴት ናት። የፊቱን ጎማ በመዳፏ ዳሰሰችው። ልስልስ ብሏል፤ ጥርስ የሚባል ነገር አልነካትም፤ የታጠበ ሳህን የዳሰሰች መሰላት። እጇን ሰበሰበች። ምን ትበል? ሰውየው ውሃ ላምጣላችሁ እያለ ነበር።

ቤት ገብተው ሚጣ ከተኛች በኋላ፣ የምርመራ ጣቢያው ሄደን ታሪኩን ብናይ ምናለበት፣ በየዓመቱ ምን እንደተገኘበት መዝግበው ይይዛሉ አሉ፣ አለችው። ባሏ መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ሳቀ።

"የጋሼን ሞተር ላስመርምር? ከዚያ በኋላ ፊቴን የት ልወስደው ነው?"

"ፊትህን አይደለም የምሰጋለት። አጥንትህን ነው።"

"አንቺ ደግሞ ጥሩ ነገር ሲመጣ ሆድሽን ያምሻል" አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ያው ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ የሊብሬው ኮፒ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም አላት።

ባሏ እንዲህ ነው። እሷም የምትወደው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ሰፊዋን እንቅልፍ የነሳት ግን ጎማው ብቻ አልነበረም። ከቤታቸው ወደ ሚጣ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ወገብ የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለት ነው። ታችኛው ጫፉ በቀጥታ ትልቁ መንገድ ላይ ይፈሳል፤ እዚያ ደግሞ የጭነት መኪና አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ያልፋል። በእግሯ ስትወርደው እንኳ የልጇን እጅ ቀይ እስኪሆን ነው የምትጨብጠው። ባሏ ደግሞ ትናንት ጠዋት ለሚጣ ቃል ገብቶላታል፦ ነገ ከትምህርት ቤት የማመጣሽ በአዲሱ ሞተራችን ነው ብሏታል። ሚጣም ለመምህሯ፣ ለጎረቤት፣ ለድመቷ ሳይቀር አውርታለች።

ስለዚህ ሰፊዋ ግልብጡን ሸሚዝ እንደተወችው ሱቋን ዘጋች። በሩ ላይ "እመለሳለሁ" ብላ ሰቀለች። መቼ እንደሆነ አልጻፈችም።

የምርመራ ጣቢያው ረጅም የቆርቆሮ አጥር ያለው፣ ግቢው ዘይት የጠጣ ሰፊ ቦታ ነው። የመዝገብ መስኮቱ የተሠራው ለማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ቁመት ያለው ሰው ጎብጦ፣ አጭር ሰው ተንጠራርቶ ነው የሚያናግረው። ሰፊዋ ተንጠራራች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ የእስክሪብቶ ክዳን እያኘከች የሊብሬውን ኮፒ ተቀበለቻት፣ ልትገዢው ነው? አለቻት። ባሌ ሊገዛው ነው ስትላት፣ ጎሽ፣ ባሎች አይጠይቁም፣ እዚህ የሚመጡት ሚስቶች ናቸው አለችና ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን መታች።

ሰፊዋ የጸሐፊዋን ፊት ነው ያነበበችው። ቅንድቧ ከፍ ሲል ልቧ ስቅል አለ።

"አንድም ጊዜ ወድቆ አያውቅም" አለች ጸሐፊዋ። "በየዓመቱ አልፏል። እንዲህ የማይወድቅ ባል ብታመጪልኝ ሞተሩን ላንቺ ትቼ እሱን እገዛው ነበር።"

ሰፊዋ ሳቀች። ከእሁድ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው፤ የተሸከመችው ነገር ከትከሻዋ የወረደ መሰላት። ጋሼን የጠረጠረችበት ልቧ አሳፈራት። ጸሐፊዋ ሥራዋን የምትወድ ሰው ሆና እያንዳንዱን ዓመት እያነበበች ነገረቻት፦ መብራት ጥሩ፣ ጡሩንባ ጥሩ፣ የፊት ፍሬን ጥሩ፣ የፊት ጎማ አዲስ። አምና? የፊት ጎማ አዲስ። ካቻምናስ? የፊት ጎማ አዲስ። ብርቱ ሰው ነው፣ በየዓመቱ ጎማ ይቀይራል አለች ጸሐፊዋ፣ ክዳኑን እያኘከች።

ሰፊዋ አመስግና ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ዘገየ።

አናጺው የጎበጠ ምስማር የማይጥል ሰው ነው። ከአሮጌ ጣውላ ነቅሎ፣ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ፣ ጠክ ጠክ አድርጎ አቅንቶ እንደገና ይመታዋል። ሰፈሩ በዚህ ይቀልድበታል፤ ጋሼ ሲሞት ሳጥኑ በቀና ምስማር ነው የሚታሸገው ይላሉ፣ እሱም ራሱ ይስቃል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በየዓመቱ አዲስ ጎማ ይገዛል? ይግዛ እንበል። በዚህ ሰሞን አዲስ የነበረ ጎማ እሁድ ዕለት እንዴት ሳህን ሆኖ ጠበቃት?

ወደ ታክሲው መሄዱን ትታ አጥሩን ተከትላ ዞረች።

ከጣቢያው አጥር ውጭ፣ የግንቡን ጥላ ተከትለው፣ መካኒኮች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንዱ "ቶሎ ቶሎ" ይባላል፤ ሥራ ሲሠራም ሰው ሲጣራም ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። ሰፊዋ ስትደርስ አንድ ሰማያዊ ሞተር ድንጋይ ላይ አስደግፎ የፊት ጎማውን ከነፍሬኑ እየነቀለ ነበር። የነቀለውን ወደ ጎን አንከባለለና፣ ከግንቡ ስር ጥርሱ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ሌላ ጎማ አምጥቶ ገጠመ። ጎማውን ከመሀሉ በያዘው ሽቦ ላይ ነጭ ቀለም ጠብ ብሎበታል። ባለቤቱ ሞተሩን እየገፋ ወደ ግቢው ገባ። ብዙም ሳይቆይ እየሳቀ ተመለሰ። ቶሎ ቶሎ ባለነጭ ምልክቱን ጎማ ነቀለ፣ የሰውየውን ጎማ መለሰለት፣ ምልክት ያለውን ደግሞ ተራውን ይጠብቅ ለነበረ ጥቁር ሞተር ገጠመው።

ሰፊዋ ቆማ አየች። ዓይኗ ያየውን አእምሮዋ ለመቀበል ጊዜ አልወሰደበትም፤ ይህን ሥራ ታውቀዋለች።

እሷም ሱቅ ውስጥ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ነው። ጎኗ ያለው ፎቶ አንሺ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ሰዎችን ይልክባታል፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ያንኑ ኮት ይለብሳል። ለቀጭን ሰው ከጀርባው ሰብሰብ አድርጋ በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። ከፊት ሲታይ ሙሉ ሰው ነው፤ ከኋላ ደግሞ ጃርት። ግማሹ ሰፈር መታወቂያው ላይ ያንን ኮት ለብሷል። እሷም ስታለብስ ትስቃለች፣ ለባሹም ይስቃል።

አሁን ግን አልሳቀችም። ወደ ቶሎ ቶሎ ጠጋ ብላ ጎማው የማን ነው አለችው።

"የሁሉም ነው እህቴ" አለ፣ ቀና ሳይል። "ይኼ ጎማ ያላስመረቀው ሞተር የለም። እሱ ብቻውን ቢቆምም ያልፋል።" ቀጥሎም ሞተርሽን አምጪው፣ ቶሎ ነው አላት።

ሞተሩ የአናጺው ነው አለች። ቀዩ። የሰፈራችን አናጺ።

ቶሎ ቶሎ ደስ አለው። ጋሼን የማያውቅ የለም አላት። በየዓመቱ ሞተሩን ልኮልኝ እኔ ነኝ አስጨርሼ ቦሎውን የምወስድለት፣ እሱማ እዚህ መጥቶም አያውቅ። ሰውየው ወርቅ ነው አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤ ከዚያም ለእናቱ የቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ሳይከብደው፣ የፊቱ ፍሬን ግን ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ነው፣ ግድ የለም፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው አለ።

ግድ የለም። ሰፊዋ ቃሉን ይዛው ሮጠች።

እየሮጠች ለባሏ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። አናጺው ቤት መላጊያው ሲያጓራ ሰው የራሱንም ድምፅ አይሰማም፤ ባሏ እዚያ ነው ማለት ነው። እዚያ ከሌለስ? ተነስቶ ከሆነስ? እንደገና ደወለች። ታክሲ ውስጥ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ሾፌሩ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሲቆም እግሯ ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን የያዘች እየመሰላት። የሚጣ ትምህርት ቤት መውጫ ደርሷል። ልጇ ደጃፉ ላይ ቦርሳዋን አዝላ፣ አንገቷን ወደ ቁልቁለቱ አስግጋ የቀይ ሞተር ድምፅ እያዳመጠች ታያት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲጨፈን ባሰ፤ ገለጠችው።

ከታክሲው ወርዳ የአናጺው በር ጋ ስትደርስ ባሏ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። ሄልሜቱን አጥልቋል፤ ለሚጣ የተዋሰውን ትንሽ ሄልሜት ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል። ሞተሩ ተነስቶ ይንደቀደቃል። አናጺው ኮርቻውን ለመጨረሻ ጊዜ በጨርቅ እየወለወለ፣ ልጅን እንደሚሸኝ አባት ቆሟል።

ሰፊዋ ከሞተሩ ፊት ቆመች። በታክሲው ውስጥ ስትደረድረው የመጣችው ንግግር ሁሉ ሰውየውን ስታየው በነነ። ሌባ ልትለው ነው? አልጋውን የሠራውን ሰው? ሽበቱ ላይ የእንጨት ዱቄት ሰፍሮበታል። ደክሞሻል ልጄ፣ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ አላት። ባሏ ከሄልሜቱ ውስጥ በዓይኑ ለመናት፦ አደራሽን፣ አታዋርጂኝ።

ውሃውን ተቀበለች። ጠጣች። ብርጭቆውን መለሰችለት።

"ጋሼ" አለች፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ሞተር ሚጣን ከኋላ አስቀምጠው የትምህርት ቤቱን ቁልቁለት ይወርዱበታል?"

አናጺው ወዲያው ሊመልስ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቆመ። ጨርቁን በእጁ አጣጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው።

"እኔ ቁልቁለቱን ወርጄበት አላውቅም" አለ በመጨረሻ። "በላይኛው መንገድ ነው የምዞረው።"

"ለምን ይዞራሉ?"

"እንጃ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።"

ባሏ ሞተሩን አጠፋ። ላይኛው መንገድ ሰፈሩን ዙሪያውን የሚሽከረከር፣ ሰው ካልጠፋበት የማይሄድበት ረጅም መንገድ መሆኑን ሦስቱም ያውቃሉ።

ሰፊዋ ከዚያ በኋላ የነገረችው ቀስ ብላ ነው። ባለነጭ ምልክቱን ጎማ፣ ቶሎ ቶሎን፣ ብረት ለብረት የሚሉትን ፍሬን። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ዓይኖቿንም ከመሬቱ አላነሳችም። አናጺው እየሰማ ሞተሩ ፊት ቁጢጥ አለ። የተላገ ጣውላ እንደሚፈትሽ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። የፊቱን ፍሬን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ሞተሩን ገፋ አደረገው። ሞተሩ ፍሬን መያዙን ከቁብ ሳይቆጥር ወደፊት ሄደ።

"ቦሎውን ያመጣልኛል፣ እለጥፋለሁ" አለ። "አልፏል ካሉኝ ብዬ። እንዴት አለፈ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።" ከዚያ ለራሱ ያህል ቀስ ብሎ ጨመረ፦ "እግሬ ግን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቁልቁለቱ ጋ ስደርስ መሪው በራሱ ይዞርብኛል።"

ሰፊዋ ቁጣ ጠብቃ ነበር የመጣችው፤ ይልቅ የሰውየው ፊት አንጀቷን በላት። ባሏ ከሞተሩ ወረደ። ምን እንደሚል አላወቀችም። በይሉኝታ የታሰረ ሰው ነውና፣ ግድ የለም ጋሼ፣ እኔም በላይኛው መንገድ እሄዳለሁ ይላል ብላ ትንፋሿን ያዘች።

ባሏ ሄልሜቱን አወለቀ። ቁልፉን ነቅሎ አናጺው መዳፍ ላይ አስቀመጠው፤ መዳፉንም በሁለት እጁ ዘጋለት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ሚጣን በእግሬ ነው የማመጣት" አለ።

ባልና ሚስቱ አብረው ቁልቁለቱን ወረዱ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና ታች ትልቁ መንገድ ላይ መሬቱን እያነቃነቀ አለፈ። ያኔ ባሏ ክንዷን ይዞ ቆመ። ትንሹ ሄልሜት አሁንም ክንዱ ላይ ነበር፤ መመለሱን ረስቶታል። ሚጣ ስታያቸው መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ሄልሜቱ ነው። ሞተሩ የታለ አለች። ታሟል፣ ሐኪም ቤት ሊሄድ ነው አላት አባቷ። ሄልሜቱን አጥልቃ በእግሯ ቁልቁለቱን ወጣች፤ ያያት ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ አናጺው ሱቋ መጣ። ተቀመጪ አትነሺ አላትና ራሱ ቆሞ ቀረ። ሞተሩን ለሌላ መካኒክ እንደሰጠ፣ ጎማውም የፍሬን ሸራውም አዲስ እየተገጠመ እንደሆነ ነገራት። አዲስ የሚለውን ቃል ሲያወጣ ትንሽ አመመው፤ እሷም አየችበትና ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ለመሄድ የተዘጋጀ መስሎ፣ ምርመራው ግን ይደገም፣ እኔም አንቺም ቆመን ይደገም፣ አለበለዚያ ያ ልጅ ሲነዳው እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። እሷም እኔም አይወስደኝም አለችው።

የምርመራው ዕለት ሰፊዋ ኪሷ ውስጥ ቀይ ክር ይዛ ሄደች። መካኒኩ አዲሱን ጎማ አናጺው ቤት ገጥሞ ሲጨርስ፣ ቁጢጥ ብላ ክሩን የፊት ጎማው ሽቦ ላይ በልብስ ሰፊ ቋጠሮ አሰረችው። አናጺው ምን ለማድረግ ነው አለ። የገባው ጎማ ራሱ ይውጣ ብዬ ነው አለች። ሰውየው ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሳቁ እንጨት ሲሰነጠቅ ይመስላል።

ሞተሩ ግቢ ገብቶ እስኪወጣ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ቶሎ ቶሎ ከሩቅ ሰላም አላቸው፤ አናጺው አንገቱን ብቻ ነቀነቀለት። ሞተሩ ሲወጣ ሰፊዋ ቦሎውን አላየችም። ወደ ጎማው ነው የሄደችው። ክሩ ነበረ፤ ዘይት ነክቶት ጠቆር ብሏል እንጂ ቋጠሮው ያው የሷ ነው።

አሁን ባሏ በሞተሩ ይሠራል፣ ሚጣንም ያመላልሳል። ሰፊዋ ግን በመውጫ ሰዓት መኪናዋን መርገጥ ታቆማለች። ከቁልቁለቱ በኩል የሞተሩ ድምፅ ሲመጣ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ዝግ ሲል፣ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ሲነሳ ጆሮዋን ጥላ ትሰማለች። ከዚያ ትንፋሿን ትለቅና ትሰፋለች።

ኮቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው አንድ ቀጭን ወጣት ለፎቶ ሊዋሰው መጣ፤ ሰፊዋ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ስትይዝለት፣ አሁን ይኼ ማጭበርበር አይደለም ወይ ብሎ ቀለደባት።

"ፎቶ ነው" አለችው፣ የመጨረሻውን መርፌ እየሰካች። "ፎቶ ቁልቁለት አይወርድም።"